ጋጣው ላይ የጻፍኩት ቀይ ቁጥር

አርብ

ቀለሙ ከጣቴ አልለቅ ብሏል። በሳሙናም በነጭ ጋዝም ሞከርኩ። ይሁን፤ ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ያለውን የድሮ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ለቅርስ ምዝገባ ምልክት አድርጌ ጨርሻለሁ። መሮጫው አፈር ስለነበር ባሕር ዛፍ በቅሎበታል። የተረፉት፦

1. የዳኞች ማማ (ደረጃው የለም)
2. የተመልካች መቀመጫ፣ ድንጋዩ ብቻ
3. ጋጣ፣ ከነጣሪያው
4. የፈረሶች ውሃ ገንዳ

ፎቶ ላይ እንዲለይ ቁጥሩን በትልቁ ጻፍኩ። ሱቁ ነጭ ቀለም ስላልነበረው ቀይ ገዛሁ።

ጋጣው ውስጥ እማማ ዘነቡ የሚባሉ ሴት ይኖራሉ። ሟች ባለቤታቸው ፈረስ ጠባቂ ነበሩ፤ ውድድሩ ሲቀር እዚያው ቀሩ። አብሮኝ የሚለካው ሀብታሙ "አናንኳኳም?" አለኝ። "ዝግ ነው፣ አታይም? ይመሽብናል" አልኩት። ሪፖርቱ ሐሙስ ይገባል። ጋጣው ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ የሚነካው የለም። እሳቸውም ሳያውቁት ተጠቀሙ ማለት ነው።

እሁድ

ቸርች ሄድኩ። መጋቢው ስለ ታማኝ አገልጋይ ሰበኩ። ስለ እኔ መሰለኝ።

ሰኞ

ጣሪያው የለም።

ቆርቆሮው ግድግዳ ሥር ተደርድሯል። የጣሪያው ወራጆች ወርደዋል፤ ሁለቱ ተፈልጠው ማገዶ ሆነዋል። እማማ ዘነቡ አልጋቸውን ላስቲክ አልብሰው አጠገቡ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተነሱ። ወንበር አቀረቡልኝ።

"ልጄ፣ እኛ አናስቸግራችሁም" አሉኝ። "ቀዩን ስናይ ራሳችን አፈረስነው። ዶዘር ከመጣ ቆርቆሮውም አይተርፍም ብለው ጎረቤቶች ረዱኝ። የምገባበት እስካገኝ ትንሽ ቀን ብቻ ስጡኝ።"

ቀይ ቀለም። እዚሁ ከተማ ተወልጄ አድጌ። ልጅ እያለሁ የእኛም ቤት ሊፈርስ ሲል በሩ ላይ በቀይ ተጽፎ ነበር። ጽሑፉ ከጠፋ ቤቱ የሚተርፍ ይመስል እናቴ በበረኪና ስትፈትገው ውላለች። ይህን እያወቅኩ ነው ቀይ የገዛሁት።

እና ምን አልኩ? "እሺ እማማ" ብዬ ሜትሬን ዘርግቼ ግድግዳውን ለካሁ። ሀብታሙ ቀና ብሎ አላየኝም።

ማክሰኞ

ዘነበ። ጉርድ ሾላ ቢሮ ተቀምጬ መስኮት መስኮቱን ሳይ ዋልኩ። ያ አልጋ። ያ ላስቲክ።

ለአለቃዬ ነገርኩት። "ጣሪያው በእርጅና ወድቋል ብለሽ ጻፊ፣ ማን ይጠይቅሻል" አለኝ። ትንሽ ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ ለማንም አልናገርም።

ረቡዕ

ሄጄ ነገርኳቸው። ምልክቱ እንዲፈርስ ሳይሆን እንዲቆይ እንደነበር፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"እንዲቆይ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ታዲያ አታንኳኪም ነበር?"

"በሩ ዝግ ስለነበር የሌሉ መስሎኝ ነው።"

"ውስጥ ነበርኩ እኮ። ስትጽፊ ሰምቼሻለሁ። ፈርቼ ነው ያልወጣሁት።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ለጎረቤቶቻቸው እሳቸው እንዲነግሩልኝ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። "ጣሪያ ላይ የወጡት እነሱ ናቸው። ነገ እጠራቸዋለሁ፣ አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ።"

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን የሚለቅሙት ግን ሌሎች ናቸው።

ሐሙስ

ጠዋት ሪፖርቱን አስገባሁ። ጋጣው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ጣሪያው የተነሳው ባለሙያዋ ነዋሪዋን ሳታነጋግር በቀይ ቀለም ምልክት በማድረጓ ነው።" አለቃዬ አንብቦ "ሞኝ ነሽ" አለኝና ወሰደው። ይመዝገብ አይመዝገብ አላውቅም። ሥራዬም ይቆይ አይቆይ።

ከዚያ ወደ ሜዳው ወጣሁ። ጎረቤቶቹ መዶሻቸውን ይዘው ቆመዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። እጁን ቆርቆሮ ቆርጦት በጨርቅ ያሰረ አንድ ሰውዬ "እኛ ደግሞ ለእማማ መልካም የሠራን መስሎን" አለና መሰላሉን አነሳ። ቆርቆሮ ሳቀብል ዋልኩ። በተፈለጡት ወራጆች ፋንታ ባሕር ዛፍ ገባ። ጣሪያው ቆሟል፣ የድሮው ግን አይደለም።

ሁሉም ሲሄዱ እማማ ዘነቡ ውሃ በባልዲና ብሩሽ ሰጡኝ። "ይቺ ቁጥር እያለች እንቅልፍ አይወስደኝም" አሉ። ፈተግኩ፤ ክንዴ እስኪዝል። ሮዝ ሆነ እንጂ አልጠፋም። ድንጋዩ ጠጥቶታል። ቀርበው በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"አሁንም ይነበባል።"

"አዎ፣ እማማ።"

"ነገም ነይ" አሉኝና ገብተው በሩን ዘጉ።

እሄዳለሁ። አንኳኳለሁ።