በማሆጋኒው ባሮሜትር ሥር የጻፍኩት

መርካቶ፣ የካቲት 1971 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ሀብተ ወልድ፣

ይህን የምጽፍልዎ ቆሜ ነው፤ ሰሞኑን ወንበር አልስማማኝ ብሏል። እትዬ በለጥሻቸው ነገ ማለዳ በርበሬ ሊያመጡ ወደ ቡሬ ስለሚሳፈሩ ደብዳቤው በእሳቸው እጅ ይደርስዎታል። በፖስታ የሚላክ ደብዳቤ አንባቢው በዝቷል።

ባሮሜትርዎ ደኅና ነው። መጀመሪያ እሱን ልንገርዎ ብዬ ነው፤ የቀረው ደኅና አይደለም።

ቤትዎ ተወርሶ እርስዎ ወደ አገርዎ በገቡ በሳምንቱ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አሸብር ጠይብ የሚባለውን አናጺ አስከትሎ መጣ። ሳሎኑ ውስጥ ሰው የሚያክለው ባሮሜትርዎ ብቻውን ቆሟል።

«ከዚህ እንጨት ስንት የማኅተም ሣጥን ይወጣል?» አለ አሸብር።

ጠይብ ማሆጋኒውን እንደ ፈረስ አንገት ዳበሰው። «ሦስት ይወጣዋል። መጋዜ ግን ዛሬ ዶልዱሟል።»

«ትናንት ስትቆርጥ አልነበር?»

«ትናንት ባሕር ዛፍ ነበራ ጓድ!»

ከተከራየኋት ክፍል በር ላይ ሆኜ ስሰማ የነበርኩት እኔ ዘልዬ ገባሁ። «እኔ ወደምሠራበት ሙዚየም ይሂድ።»

«የጨቋኝ ዕቃ እዚያ ምን ይሠራል?»

«ጨቋኙ እንዴት ይንደላቀቅ እንደነበር ሰፊው ሕዝብ እንዲያየው።» ከአፌ ሲወጣ ራሴም ገረመኝ። አሸብር ፊቱ በራ።

«እንደሱ ብለህ ጻፍበታ! መጥቼ አያለሁ።»

ጻፍኩ፤ ያውም በቁም ጽሕፈት፦ «የከተማ ቦታ ከበርቴ የነበረው ሀብተ ወልድ በሕዝብ ላብ የተንደላቀቀበት የቅንጦት ዕቃ።» እርስዎ የፊዚክስ መምህሩ ስድስት ዓመት በአንድ ኮት ኖረው፣ ከደመወዝዎ ቆጥበው የገዙትን! ቅንጦትዎም በየጠዋቱ መስተዋቱን መታ መታ አድርገው ለበርበሬ በረንዳ ሴቶች «ዛሬ ይዘንባል፣ አታስጡ» ማለት ነበር።

አራት ዓመት ተለጥፎ ቆየ። ለምጄው ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ግን የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪዎች ሊጎበኙ መጡ፤ ልጅዎ ማዕረግም ከመካከላቸው ነበረች። ባሮሜትሩን ስታይ ፈገግ አለች። ቀጥላ አነበበች።

«አንቺ፣ ያባትሽ ስም አይደል እንዴ?» አለቻት ጓደኛዋ።

«ሞክሼ ነው» አለች ማዕረግ፤ ድምጿ እንኳ ሳይለወጥ። እኔ ምሰሶ ጀርባ ተደብቄ ነበር፤ በሙዚየማችን ምሰሶዎቹ ወፋፍራም ናቸው።

ጋሼ፣ እንጨት ላድን ብዬ ልጅዎን አባቷን አስካድኳት። ከዚያ ወዲህ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በእግሬ እየተመላለስኩ የይቅርታ ቃል ስፈልግ ሰነበትኩ። ጽሑፍ በመጻፍ የሚተዳደር ሰው ለዚህ አንድ መስመር አጣ።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ አሮጌውን ነቅዬ ሌላ ለጠፍኩበት፦ «ባሮሜትር፤ ማሆጋኒና ነሐስ። የፊዚክስ መምህር የሆኑት አቶ ሀብተ ወልድ ከደመወዛቸው ቆጥበው የገዙት።» ኃላፊዬ ገና አላዩትም። ከዚያም በቀጥታ ማዕረግ ወደምትኖርበት አክስቷ ቤት ሄጄ እሁድ ወደ ሙዚየሙ እንድትመጣ ለመንኳት።

«አንዴ አይቼዋለሁ፤ ይበቃኛል» ብላ በሩን ልትዘጋብኝ ነበር።

«ያየሽውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት። በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ። «በስንት ሰዓት?» አለችኝ።

እስከ እሁድ ጽሑፉም እኔም ከቦታችን ካልተነሣን፣ ታነበዋለች።

የድሮ ተከራይዎ፣
ጥጋቡ