የግራ እግር ካልሲ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ለማ፣ ድሬዳዋ።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ብርድ ሲገባ የሚያስቸግርዎ ደረትዎስ ተሻለዎ ወይ? የባቡሩ ሥራ እንዴት ይዞዎታል? እትዬ ጽጌስ፣ ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። አባባም ጆሯቸው ከመክበዱ በቀር ደኅና ናቸው። ማሽላው ዘንድሮ መልካም አፈራ፤ ከወፍ የተረፈውን አስገብተናል። የጎደለን የእርስዎ ዓይን ብቻ ነው።

ደብዳቤዎ በአሊዩ አምባው ነጋዴ በአብዱልመጂድ እጅ ደረሰኝ። «ከአስካሪ ሚስት ጋር ገጥመሽ ትውያለሽ አሉኝ፤ ባልሽ ጫካ እያለ የአባታችንን ደጅ ልታሰድቢ ነው ወይ» ያሉትን ሳነብ አንጀቴ ተቃጠለ። ግን አልተቀየምኩም፤ በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም እንዲሁ እል ነበር። ያን ወሬ ያን ያህል በረሃ ተሸክሞ ድሬዳዋ ያደረሰልዎ ማን እንደሆነ ግን ሳስብ ሰነበትኩ። ሦስት ሰው ጠርጥሬ ሁለቱን ትቻለሁ። ነገሩን ከሥሩ ልጻፍልዎና እርስዎ ይፍረዱ።

ሴትዮዋ ሳፊያ ትባላለች። በኅዳር ወር ከመንገድ ሠራተኞቹ ጋር መጥታ ከገበያው ጀርባ ጎጆ ያዘች። አነጋገሯ የምጽዋ ነው፤ እዚህ የሚያውቃት ዘመድ የላትም። ባሌ አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር ነበር፣ ሞተብኝ አለች። ሥራዋ ካልሲ ነው። የጣባ አፍ የሚያህል ክብ እንጨት አላት፤ ዙሪያውን ሃያ አራት ትንንሽ ችካል ተተክሎበታል። የመንዝ ሱፍ ፈትላ በየችካሉ ትጠመጥምና፣ ደግማ ትዞርና፣ ጫፉ በተቆለመመ ሽቦ የታችኛውን ክር በላይኛው ላይ ታሻግረዋለች። እንዲህ ስትዞር ስትዞር በመሀሉ ቀዳዳ ካልሲው ቁልቁል ይወለዳል። ለደብረ ሲና የመንገድ ሠራተኞች ትሸጣለች። ከዚያ ደግሞ ሰፈሩን እየዞረች፣ መማር የምትፈልግ ሴት ካለች በነፃ አስተምራለሁ ማለት ጀመረች።

በነፃ! ጋሼ፣ በዚህ ዘመን በነፃ የሚሰጥ ምን አለ? ደግሞስ በሮቢት ሐሩር የሱፍ ካልሲ የሚያምረው ማን ነው? ከላይ ከውርጩ ሰው ያላት ብቻ ናት። ስለዚህ ካልሲ ልማር ብላ የሄደች ሴት ባሌ ጫካ ነው ብላ እንደ መናገር ነው። ወጥመድ መሆኑ ገባኝ። ገብቶኝም ሄድኩ። ባሌ ተሰማ እግሩ በብርድ ተሰነጣጥቆ ደም እንደሚያዥ እንጨት ሻጯ ዘይቱና ነግራኝ ነበር፤ እሱ ከላይ ዋሻ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ እኔ እዚህ በላብ ተጠምቄ መቀመጡ አላስቻለኝም። ጎረቤቴ ከበቡሽም አብራኝ ሄደች፤ የእሷም ባል ከተሰማ ጋር ነበር።

መጀመሪያ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ክሩን አጥብቄ ስለምጠመጥመው ሽቦው ከሥሩ አይገባም። ሳፊያ ደጋግማ አላላችልኝና፣ «እጅሽ ሰው አያምንም መሰለኝ፤ ክሩን አንቀሽ ነው የምትይዢው» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ሳሰላስል አንዱን ችካል ዘለልኩት፤ የሠራሁት ሁሉ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ሦስት ቀን የለፋሁበት ነበር። ከሁሉ ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ተረከዙ ላይ ስንደርስ፣ «የሰውየውን እግር ልክ አምጪ፤ ጣቶቹ ሙሉ ናቸው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከበቡሽንም እንዲሁ ጠየቀቻት። የሰው ጣት ምን ያደርግላታል? እኔ የአባባን እግር በክር ለክቼ ሄድኩ። ክሩን ዘርግታ አየችና፣ «ይህ የሽማግሌ እግር ነው፣ እህቴ» አለች። ክሩንም ጠቅልላ መለሰችልኝ። ይህ ከጥያቄዋ ይልቅ አስጨነቀኝ።

በሳምንቱ የከበቡሽ ባል ተያዘ። ያን ቀን የሆንኩትን አልደብቅዎትም። ሳፊያ አስያዘችው ብዬ በየቤቱ ተናገርኩ። ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንስተው እንዲሸሹ ያደረግሁ እኔ ነኝ። አንዷም በፊቷ ምራቋን ተፋች። ሳፊያ ውኃዋን ቀድታ አንገቷን ደፍታ ሄደች። እኔም ልኳን አገኘች ብዬ ደስ አለኝ።

ኋላ ከበቡሽ እያለቀሰች እውነቱን ነገረችኝ። ባሏ ለእናቱ ተዝካር ጀውሃ ወርዶ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እያየው ተቀምጦ ጠጥቷል። ያስያዘው ከዚያ ከድንኳኑ የተነሳ ሰው ነው። ሳፊያ የእሱን እግር ልክ እንኳን አላገኘችም፤ ከበቡሽም እንደኔ ዋሽታት ነበር።

አፍሬ ወደ ሳፊያ ሄድኩ። አፍሬ ልበል እንጂ ጥርጣሬዬ አልለቀቀኝም። ከደጇ ቆሜ፣ የሰው እግር ጣት የምትቆጥሪው ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። ሽቦዋን አስቀምጣ ውጭውን ቃኘች። ከዚያ፣ «ባሌ አልሞተም» አለችኝ። ስሙ አደም ነው። ዓምና ጠመንጃውን እንደያዘ ጣልያንን ከድቶ ወደ አርበኞቹ ገባ። ወዴት እንደገባ ግን አታውቅም። በልጅነቱ መጥረቢያ ስቶት ከግራ እግሩ አውራ ጣቱና ቀጥሎ ያለው ተቆርጠዋል። ስሙን እየጠራች ብትጠይቅ እሱንም ራሷንም ታስገድላለች፤ ስለዚህ ከከሚሴ ጀምራ ይህን መንገድ ይዛ ሴቶችን ካልሲ እያስተማረች፣ ጣቱ የጎደለ እግር ልክ የምታመጣላትን ሴት ትጠብቃለች።

ጋሼ፣ ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ተሰማ ከእሱ ጋር ስለሚያድር አንድ የምጽዋ አገር ሰው ወሬ ልኮልኝ ያውቃል፤ ወደ ግራ ዘመም እያለ ይራመዳል ብሎኝ ነበር። ልነግራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። የከዳ አስካሪ ቢያዝ ስቅላት ነው። ይህችስ እሱን ፈልጊ ተብላ የተላከች ብትሆን? እንባ ምስክር አይሆንም። እግዜር ያገናኝሽ ብያት ወጣሁ።

ለዘይቱና ነገርኳት፤ እሷም ተራራው ላይ እንጨት ስትለቅም ለተሰማ አደረሰችው። መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። ሰውየው፣ «እኔ ሚስት የለኝም፤ ሳፊያ የምትባል ሴት አላውቅም» ብሏል።

ደሜ ፈላ። «አላልኩም ወይ!» እያልኩ ሮጬ ሄጄ፣ አላውቃትም አለ እኮ ብዬ በፊቷ ጮህኩባት። ትደነግጣለች፣ ትክዳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሽቦውን ከእጇ ጣለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ስትገልጠው እያለቀሰች ትስቃለች። «በሕይወት አለ በይኛ!» አለች። «እንዲያ ነው ማለት ያለበት። እኔስ ሲጠይቁኝ ሞቷል አይደል የምለው?»

ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ፤ ሰውየው እዚያ መኖሩን በገዛ አፌ ነግሬያት ወጣሁ። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። የወታደር ኮቴ የሰማሁ እየመሰለኝ ደጁን ሳይ ዋልኩ። ማንም አልመጣም። ሳፊያም ከጎጆዋ አልተነሳችም፤ ውሰጂኝ አላለችኝም። አንድ ጥንድ ካልሲ ብቻ እንሥራለት አለች። የቀኙን እኔ ሠራሁ፤ የክሩ ዓይን አንዱ ጠባብ አንዱ ሰፊ ነው፣ ግን አልተተረተረም። የግራውን እሷ ሠራች። ጫፉን በአንድ ወገን አሳጥራ፣ ባዶ ሱፍ እንዳይንጠለጠልበት አድርጋ ዘጋችው። ቀደም ብዬ ለተሰማ ከጨረስኩት ካልሲ ጋር በዘይቱና የጨው ስልቻ ውስጥ ከትተን ላክን።

ዘይቱና ትናንት ተመለሰች። ተሰማ እዚያው አድርጎት እንደ ልጅ ፈነጠዘ አለችኝ። ያ ሰው ግን የቀኙን አላየውም። የግራውን አንስቶ ጫፉን በጣቱ ዳሰሰው፤ ገለበጠና ደግሞ ዳሰሰው። «ሴትዮዋን አላውቃትም» አለ እንደገና። ከዚያ ካልሲውን እግሩ ላይ ሳያደርግ በብብቱ ከተተና ወደ ዋሻው ጥግ ዞሮ ተቀመጠ።

ይህን ለሳፊያ ስነግራት፣ ክር አንስታ መጠምጠም ጀመረች። እኔም ከጎኗ ተቀመጥኩ። እንግዲህ ከአስካሪ ሚስት ጋር ትውላለች ያለዎ ሰው አልዋሸም፤ እውላለሁ። ለእሱ ግን ምንም አይመልሱለት፤ ወረቀቱንም አንብበው እሳት ይስጡት። ይዞልዎ የሚመጣው አብዱልመጂድ ነው፤ ከእሱ ሌላ እህትዎ ላከችኝ የሚል ቢመጣ አይመኑት።

እትዬ ጽጌን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ጌታቸው ትምህርቱን እንዳይተው፤ ትንሿ አስቴርም አክስቷን እንዳትረሳ። አባባ፣ «ልጄን ለማን ሳላየው አልሞትም በይው» ብለዋል፤ ከበቡሽም ለባሏ በጸሎት አስቡልኝ ትላለች። እኔም ሰላምታዬ ከአዋሽ ማዶ ድረስ ይድረስዎ።

እህትዎ አስካለ
ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት ፱ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.