በበሩ አልወጣ ያለው ሞተር

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ እግርህ የረገጠው ሁሉ ይለምልምልህ፣ ክፉ አይንካህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ይሄ ደህና ከተባለ።

አባትህ አልጋህን ነቅሎ አውጥቶ በቦታው የጀልባ ሞተር ገተረበት። የእሽቅድድም ጀልባ ነው አሉ፣ እንደ ጥይት የሚበር። የጋራዡ አቧራ ቀለሙን ያበላሽብኛል ብሎ በየብልቱ ፈታትቶ እየተሸከመ አስገባው። ምን ልበልህ፣ ቤቱ ከረፋ! ፒስተኑን በሾርባ ድስቴ ቀቀለው። አውጥቶ በጥርስ ብሩሼ ሲፈትገው ደረስኩበት። የቀባውን ክዳን ደግሞ በዳቦ መጋገሪያዬ አደረቀው፤ ይኸው ዳቦው ሁሉ ቀለም ቀለም ይላል። እሱ ግን ጥፍሩ ግሪስ እንደጠጣ ቆርሶ እየጎረሰ፣ "ዛሬስ እጅሽ ይባረክ!" ይለኛል። ቱ!

ባለፈው ሳምንት ገጣጥሞ ጨረሰ። ደም የመሰለ ቀይ ቀብቶታል፣ ፊት ያሳያል። የጀልባው ባለቤት ሊወስደው መኪና ይዞ መጣ፤ ሞተሩ በበሩ አልወጣ አለ! ዕድሜውን ሙሉ መካኒክ የነበረ ሰው በሩን ሳይለካ! "መልሰህ ፍታው" ብንለው፣ "ቀለሙ ይጫርብኛል፤ ግድግዳውን አፈርሳለሁ እንጂ አልፈታም" አለ። መዶሻውን ደብቄበታለሁ።

እስቲ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ደውልለትና "አባዬ፣ ልመጣ ነው፣ አልጋዬን ቦታው መልስልኝ" በለው። ላንተ ሲል ይፈታዋል። ውሸት ቢሆንም ግድ የለም፤ ብቻ ውሸት መሆኑን ለእኔ እንዳትነግረኝ።

በወጣህበት በር በሰላም ያስገባህ።

እናትህ