ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያለው ጋፕ

ማክ. ፌብ. 3፣ ጠዋት

የሥራ መግቢያ ቅጹ ገጽ 6 ላይ እንደቆምኩ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ። ሌላው ሁሉ ተሞልቷል፦ አድራሻ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሠራሁበት ጫማ ቤት። ገጽ 6 ግን ያለፉትን አምስት ዓመታት ያለ ጋፕ ቁጭ አድርጊ ይላል። ከወር የበለጠ ጋፕ ካለ ምን ስሠራ እንደነበር ይጻፍ፤ ዘመድ ያልሆነ፣ በዓይኑ ያየ ሰው ይፈርምበት። ሥራው አየር ማረፊያ ውስጥ ስለሆነ ነው። ያለ ፊርማ የመግቢያ ባጅ የለም፤ ያለ ባጅ አውሮፕላን መጠገኛው ሃንጋር የለም። የአውሮፕላን ሆድ ዕቃ በእጄ ካልነካሁ ምን ብዬ ነው ይሄን ሁሉ የተማርኩት?

ሥራውን ሰጥተውኛል እኮ! ሰኞ 16 እጀምራለሁ። ብረት ያለበትን የሥራ ጫማ ገዝቼ እንዲለሰልስልኝ ቤት ውስጥ እየተመላለስኩበት ነው። አባዬ “ወታደር ቤታችን ገባ” ይላል።

ወረቀቱ እስከ ዓርብ 13 ከሰዓት በፈረንጅ ሰዓት 5፡00 መድረስ አለበት።

ሐሙስ፣ ፌብ. 5

ይሄ ቃል እየተከተለኝ ነው። ዛሬ የለንደን ባቡር በቆመ ቁጥር ማጉያው በባቡሩና በመድረኩ መሃል ያለውን ጋፕ ልብ በሉ ይላል። ሶፊ የዩኒ. ጓደኛዬ “ጋፕ ይር” ብላ ዓመት ከትምህርት አርፋ ፔሩ ከርማ መጣች፤ ሲቪዋ አናት ላይ ነው ያስቀመጠችው፣ እንደ ሜዳሊያ። የእሷም አሥራ ሁለት ወር፣ የእኔም አሥራ ሁለት ወር። የእኔ የጥርስ ሐኪም ደግሞ የፊት ጥርሴን ጋፕ በሽቦ ልዝጋልሽ አለችኝ። እማዬ በዚህ ፍንጭት ስንት ሰርግ ላይ እንደኮራችብኝ በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል? ጋዜጣው የደመወዝ ጋፕ ይላል፤ ያ በእኛ ልዩነት ነው። አጥር ላይ ሲሆን ቀዳዳ። በር ላይ ሲሆን ክፍተት። ለገጽ 6 የሚሆን ግን አጣሁ።

አባዬን ስለ ጋፑ ምን ልጻፍ ብዬ ጠየቅኩት። ሽንኩርት እየከተፈ ነበር።

“የምን ጋፕ? ቤትሽ ነበርሽ።”

መክተፉን ቀጠለ። ጨዋታው በዚያው ተዘጋ።

በዚያ ዓመት አንድ መስመር አልጻፍኩብሽም፣ ማስታወሻዬ። ስለዚህ አንቺም አታውቂም። እማዬ በሰኔ ሞተች። እስከ ሰማንያ ቀኗ ቤቱ ሰው አልጎደለውም። በማግሥቱ አባዬ መኝታ ቤቱ ገባ፤ በሩን ዘጋ፤ መጋረጃውን ዘጋ። በቃ። ሃያ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው መታጠብ ረሳ። ቀን ይተኛል፣ ሲነሳ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። ዶክተር ስል አለቀሰ። አእምሮው ተነካ ይሉኛል፣ ለማንም አትንገሪብኝ አለኝ። ዩኒ.ን አቋርጬ ቤት ዋልኩ። ለጠየቀ ሁሉ አባዬ አገር ቤት ሄዷል አልኩ፣ የቤት ጉዳይ ሊጨርስ። አገር ቤት! ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ስምንት እርምጃ ነው።

ነሐሴ ላይ ሲሻለው “ተመለሰ”። ባዶ እጁን መጣ እንዳይባል ብሪክስተን ገበያ ወርጄ በርበሬና ሽሮ ገዛሁ፤ የሱቁን ወረቀት ልጬ፣ በፌስታል ቋጥሬ፣ የአዲስ አበባ ነው ብዬ ለየቤቱ አደልኩ። ሰው መረቀን።

ወረቀት የለም። ሐኪም አላየው፣ የሰፈሩ ካውንስል አያውቅ። የሚያውቀው የንስሐ አባታችን ብቻ ነው።

እሁድ፣ ፌብ. 8

ከቅዳሴ በኋላ አባን ያዝኳቸውና ምስክር ይሁኑኝ አልኳቸው። አይዞሽ፣ አንድ ነገር እናደርጋለን አሉ። ዲያቆኑ እንዲጽፍና ቀጥታ የሰውን የኋላ ታሪክ ለሚያጣራው ቬቲንግ ክፍል እንዲልክ አዘዙት። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ወደ ቤት ስመጣ ዊልስደን ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ ቀሪውን በእግሬ፣ እየሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ማክ. ፌብ. 10

ደብዳቤው ተመለሰ። የቬቲንጓ ሴትዮ በጨዋ እንግሊዝኛ፦ ደብዳቤው የሚያወራው ስለ 2016 ነው፣ የእርስዎ ጋፕ ግን ከ2023 እስከ 2024 ነው፤ በ2016 ደግሞ እርስዎ ልጅ ነበሩ፤ እባክዎ ያስረዱ። ዲያቆኑ ከመስከረም እስከ ነሐሴ 2016 ብሎ በእኛ አቆጣጠር ጽፎታል! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ቀጥሎ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ዞረ።

ደወልኩለት። “እኛ መቼ ተሳሳትን? የቸኮሉት እነሱ ናቸው” አለኝ። አሁኑኑ አስተካክዬ ላንቺ እልካለሁ፣ አንቺ ላኪው አለ። ላከው። ያን ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ወ/ት ብሌን በተጠቀሰው ጊዜ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ በትጋት አገልግላለች።

እኔ! ድምፄ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ የሚለው። አባን ደወልኩላቸው። ድካም ባለበት ድምፅ መለሱልኝ፦ በንስሐ የሰማሁትን አልጽፍም ልጄ፤ አንቺን የማይጎዳ ነገር አስጻፍኩ። የዋህነታቸው አናደደኝ። ግን ሌላ ምን ይጻፉ?

ደብዳቤው ስልኬ ውስጥ ነው። ቀኑ ልክ፣ ማኅተሙ ልክ። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ። ስሜ በውሸት ላይ ቆሞ ሰው የሚሳፈርበት ነገር ልፈትሽ?

ረቡ. ፌብ. 11

ሊፍቱ ተበላሽቷል። የታችኛዋን ጎረቤታችንን እትዬ ለተብርሃንን ደረጃው ላይ አገኘሁና ዕቃቸውን ተሸከምኩላቸው። አሥመራ በአማርኛ የተማሩ ናቸው፤ ከእኔ አጥርተው ነው የሚናገሩት። ፊትሽ ምን ሆነ አሉኝ። ቬቲንግ ነው ምናምን ስል፣ ዘመድ ያልሆነ ምስክር ጠፋ ስል፣ በራቸው ላይ ቆም አሉ።

“እኔ አልፈርምም እንዴ?”

“እርስዎ ምን አይተው?”

“ዓመቱን ሙሉ ጣሪያዬ ላይ ሲመላለስ የነበረው ማን ነው ታዲያ? ጅብ ነው?”

ዕቃቸውን መሬት አስቀመጥኩ።

“ያ በርበሬም የብሪክስተን ነው፣ ጓለይ፣ ልጄ። እኔም ከዚያው ነው የምገዛው።”

እያወቁ መርቀው ተቀበሉኝ! አንዴም ትንፍሽ አላሉም። ሶፋቸው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሳቸው መነጽራቸውን ፈልገው በእጃቸው ጻፉ፦ ይህች ልጅ የታመመ አባቷን ቤት ሆና ስታስታምም እንደነበረ አውቃለሁ። ፈረሙ። እውነት፣ በአንድ መስመር።

ሐሙስ፣ ፌብ. 12

የእትዬ ለተብርሃንን ነገር ለአባዬ ነገርኩት። ተሳሳትኩ። ሳልነግረው መላክ አልቻልኩም፤ ስሙ ነው፣ ሕመሙ ነው። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ አንድ ሰው አውቆ እንኳ ከበሬታውን አልቀነሰም ብዬ።

ሰምቶኝ ሲጨርስ፣ ከመቼ ጀምሮ ታውቃለች? አለ። ከመጀመሪያው አልኩት።

“ይኸው ስንት ጊዜ ደረጃው ላይ ስለ አዲስ አበባ ዝናብ አወራኋት።”

ላኪው፣ ሥራሽ ነው አለ። ቁጣ እንኳ የለውም። ምድጃውን አጠፋ፣ ድስቱን ከደነ፣ ገባ። በሩ ሲዘጋ ድምፅ አልነበረውም።

ዓርብ፣ ፌብ. 13፣ ከሰዓት 4፡20

አባዬ አልወጣም። ሻይ በሩ ላይ አስቀምጬ ነበር፤ እንዳለ ቀዝቅዟል። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ወደ ውጭ ወርጄ አየሁ።

የእትዬ ወረቀት ስካን ተደርጓል፤ መላክ ብቻ ቀርቶታል። ብልከውስ? ሰኞ ንጋት በፈረንጅ 5 ሰዓት ተነስቼ፣ በሩን ዘግቼበት ልሂድ? ያለፈውን ጋፕ የሚዘጋ ወረቀት በእጄ ይዤ፣ ሌላው ከፊቴ እየተከፈተ ነው።

4፡35። ለቬቲንጓ ሴትዮ ደወልኩ። ሁለት ሳምንት ለመንኳት። አዝናለሁ፣ ቀኑ አይንቀሳቀስም፤ ቀጣዩ ዙር በመጸው ነው፣ ያኔ እንደ አዲስ አፕላይ ማድረግ ይቻላል አለች። ቤት ችግር አለ እንዴ አለችኝ። የለም አልኩ። አፌ ለምዶበታል።

4፡50። በሩን አንኳኳሁ። አባዬ? አልኩ። በሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

5፡00 አለፈ። አልላክሁትም።

ቅዳሜም እሁድም

ምንም። እርምጃው ብቻ። ቤ/ክ አልሄድንም። ከቤ/ክ አንዲት ሴት ደውላ ስለ አባዬ፣ “ጋሽ ታደሰስ?” አለች። አፌ ላይ “አገር ቤት” መጣ። ስልኩን ዘጋሁባት።

ሰኞ፣ ፌብ. 16፣ ጠዋት 7፡58

ዛሬ ሃንጋር ውስጥ መሆን ነበረብኝ። ከስምንት ጀምሮ ጂፒው፣ የሰፈሩ ሐኪም ቤት፣ ይከፍታል። ሌሊቱን አሰብኩበት ብል ውሸት ነው፤ አሁን ነው የወሰንኩት፣ ከበሩ ሥር ያላነሳውን ሳህን ሳነሳ። ይቀየመኛል። ምናልባት ሁልጊዜ ይቀየመኛል። እሱም እንዲሰማ ብዬ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ነው የምደውለው፤ በሹክሹክታ አይደለም።

8፡00። ደወልኩ። በወረፋው አሥራ አራተኛ ነኝ ይላል ማሽኑ።

8፡11። ዘጠነኛ። ውስጥ እርምጃው ቆመ። እየሰማ ነው።

8፡19። ሦስተኛ። አባዬ፣ ስልኩን አልዘጋውም አልኩት በበሩ በኩል።

8፡23። አነሱት። ስለ አባቴ ነው አልኩ፣ ስሙን ተናገርኩ፣ የትውልድ ቀኑን። ምን ሆነ አለችኝ ልጅቷ። ከእናቴ ሞት ጀምሮ ነው አልኩ፣ አሁን ሁለተኛው ጊዜ ነው፣ እባካችሁ ሐኪም ይየው አልኩ።