በጎን የታሰረው ድንጋይ

ደባርቅ፣ ግንቦት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ ሁዳ፣

እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ስምሽን እጽፍና ፊትሽ የቆምኩ ይመስል አንገቴን እደፋለሁ።

ድንጋዩን አልለወጥሽውም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

አጎቴ፣ ጋሽ ድረስ፣ ከሊማሊሞ ማዶ፣ ከተከዜ በኩል ሲያመጣልኝ መስኮታችን ላይ አቆምኩት። በጠፍጣፋው በኩል ብቻ ስለሚቆም ሁልጊዜ የማየው አንድ ፊቱን ነበር፤ ሰማያዊ። አምና "ለዒድ አውሺኝ" ብለሽ ወሰድሽው። ስትመልሽው በክር መረብ ሠርተሽ የአንገት ጌጥ አድርገሽልኝ ነበር። እኔ ጌጡን መች አየሁ? ወደ ብርሃን ሳነሳው ገለባ የተነከረበት ውሃ መስሎ ቢጫ ሆነብኝ።

ሰው ፊት ቀና ብዬ የማላወራ ልጅ፣ አባትሽ ሱቅ ውስጥ፣ ጨርቅ ገዢው ሁሉ እየሰማ፣ "ለውጠሽዋል!" አልኩሽ።

"ሂጂ ዓይንሽን ታጠቢ!" ብለሽ ሳቅሽ። የምቀልድ መስሎሽ ነው። አባትሽ ጋሽ ባሽር ግን ሜትራቸውን አስቀመጡና፣ "ልጄ፣ ከዚህ ቤት የተለወጠ ዕቃ ወጥቶ አያውቅም" አሉኝ። ያኔ ሳቅሽ ቆመ። ክረምቱ ሳይገባ ሱቁን ይዛችሁ ዳባት ገባችሁ።

አሁን እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። ትናንት አቶ አለምነህ የሚባሉ የማዕድን ባለሙያ አርፈው ነበር፤ ጠረጴዛቸው ሙሉ ድንጋይ ነው። እንዴት እንደደፈርኩ እንጃ፣ ያንን የአንገት ጌጥ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ብርጭቆ ላይ ጫሩት፤ ብርጭቆው ተቧጠጠ።

"ሲሊኬት የሚባል ማዕድን ነው፤ እንዲህ ያለው ብዙ አይገኝም። ማነው በጎን ያሰረው?"

"ጓደኛዬ።"

"ቀለሙ ምንድን ነው?"

"ቢጫ።"

ክሩን ሳይፈቱ በጣታቸው አዞሩት። "አሁንስ?"

ሰማያዊ ነበር።

"ብርሃኑ በየት በኩል እንዳለፈ ነው ቀለሙን የሚለየው። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው" አሉ። ከዚያ አዩኝና፣ "ምነው? ድንጋይ ያስለቅሳል እንዴ?" አሉኝ።

አንድ ጊዜ እንኳ አላዞርኩትም፣ ሁዳ። ዓመት ሙሉ።

ትናፍቂኛለሽ። ሚኒባሶቹ በራችን ያልፋሉ፤ ረዳቱ "ዳባት! ዳባት!" ሲል አንቺን የሚጠራ ይመስለኛል። ገበያ ውስጥ እንዳንቺ ፈጠን ብላ የምትራመድ ልጅ ካየሁ እከተላታለሁ። ዞር ስትል ሌላ ሰው ናት።

ይህን ደብዳቤ በሰው ልልክልሽ ነበር። ግን ስምሽን ያጠፋሁት በወረቀት አይደለም። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ። ሱቃችሁ ገዢ እስኪሞላ ውጭ እቆማለሁ። ከዚያ እገባና፣ ሁሉም እየሰማ፣ "ሁዳ ምንም አልለወጠችም" እላለሁ። ድምፄ እምቢ ካለኝ እስኪወጣ ድረስ ደግሜ እላለሁ።

ሸጊቱ