የዊኒ ድምፅ ያለባት አሻንጉሊት

ኒው ጀርሲ፣ ሰኔ 1890

ውድ እማዬ፣

ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው ሰላምታዬ በጤና ያግኝሽ። ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እኔና ዊኒ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ለክፉ አንሰጥም።

"ትንሿ ልጄ ለምን ራሷ አትጽፍልኝም?" ላልሽው፣ እጇ ደክሟት ነው እንጂ ረስታሽ አይደለም። የአሻንጉሊት ፋብሪካውን ትታለች። ሥራዋ ቀኑን ሙሉ ጡሩንባ ውስጥ የልጆች ግጥም መጮህ ነበር፤ ድምፁ ሰም ላይ ተቀርጾ ከአሻንጉሊቷ ሆድ ይገባል። ሲያስላት አለቃችን ሚስተር ፕራት "ሳልሽን ቤትሽ ጨርሰሽ ነይ፣ ሰሙን አታበላሺብኝ!" ይላት ነበር። አሁን ሐኪሙ እንዳዘዘው መስኮት ሥር ተኝታ ወተትና እንቁላል ትወስዳለች። አንሶላዋን ለብቻው እቀቅለዋለሁ።

አሻንጉሊቶቹም አልተወደዱም። የሀብታም ልጆች ድምፁን ፈርተው አለቀሱ አሉ፤ ገዢዎቹ እየመለሷቸው እኔ የምሠራበት ማሸጊያ ክፍል ተቆልለዋል። ትናንት የአንዷን እጀታ ባዞረው የዊኒ ድምፅ ወጣ።

"ይህቺን ልውሰዳት?" አልኩት ፕራትን።

"ውሰጃት፤ ማን ይፈልጋታል?" ብሎ ሳቀ።

ዊኒ ስትሰማው "እኔ ነኝ እንዲህ እንደ ፍየል የምጮኸው?" ብላ ትን እስኪላት ሳቀች። "እስቲ ድገሚው" ስትለኝ ግን እምቢ አልኳት። ሰሙ በተዞረ ቁጥር እየተበላ ይሄዳል፣ እማዬ። በሰጠሽኝ ሻርፕ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባት።

ቄሱ የዊኒን ስም በቅዳሴ እንዲያስቡልን ንገሪያቸው። ለጉንፋን ነው በያቸው።

ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ ሰላም በይልኝ። ሦስታችንንም አንድ ላይ ያገናኘን።

ልጅሽ ኦኖር