ከዝናቡ በኋላ ዘጠነኛው ቀን

ውድ ወንድሜ ሳዲቅ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዘነበ! ትናንት ሐሙስ ከአስር ሰዓት ጀምሮ ሰቃ ላይ ዶፉን አወረደው። እጮኛዬ ኡመይር ደውሎ ሲነግረኝ የቦሳ ኪቶ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ እልል አልኩ፤ እማዬ ናት አፌን በእጇ የያዘችው። ስልኬን ስለማታነሳልኝ ይህን እጽፍልሃለሁ። ነገ አዳማ የሚገባው የሥራ ጓደኛህ ሙሀጅር በእጅህ ይሰጥሃል። ሳትጨርሰው እንዳታጥፈው፣ አደራ።

ሰርጌ ኢንሻአላህ የሳምንት ቅዳሜ ነው። በመጨረሻ ቀኑ ተቆረጠ።

«ቀን የሌለው ሰርግ ደግሞ ምን ዓይነት ሰርግ ነው?» ብለህ ስልኩን ከዘጋህብኝ ወር አለፈ። አንተ ስትቆጣ ማን ይችልሃል! ነገሩን ከሥሩ እንኳ አላስነገርከኝም። ያየህልኝ አዳራሽ ጥሩ ነው፤ አበባው ግን ፕላስቲክ ነው። ዲኮር ሠሪዋ ከአዲስ አበባ ያስመጣችው ጽጌረዳም እዚህ እስኪደርስ አንገቱን ደፍቶ ነበር። የኔ ልብ ያለው አምና ከሽምግልናው በኋላ ሰቃ፣ እነ ኡመይር ማሳ ላይ ያየሁት የቡና አበባ ላይ ነው። ነጭነቱን፣ ሽታውን ብታየው! ያኔ አንድ ቅርንጫፍ ልሰብር እጄን ስዘረጋ የኡመይር አጎት ኦቦ ጀቤሳ ያዝ አደረጉኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የቡና አበባ አይቆረጥም። እያንዳንዷ አበባ ፍሬ ናት» አሉኝ። ፊቴ ሲጠቁር አይተው መሰለኝ ሳቅ ብለው ጨመሩ፤ «ከወደድሽው ሰርግሽን እዚሁ አምጪው።»

ታዲያ ይሄ አበባ ዝናብ ካልመታው አይፈካም። ከዘነበ በስምንተኛው በዘጠነኛው ቀን ይፈነዳል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይና ይረግፋል። መጥሪያው ላይ ቀኑን ባዶ የተውነው ለዚህ ነው፤ የማተሚያ ቤቱ ሰዎች ስቀውብናል። ከአስፋልቱ እስከ ማሳው መኪና ስለማይገባ በእግር እንሄዳለን። እኔም ከቬሎዬ ሥር ቦቲ ጫማ አደርጋለሁ፣ እንዳትስቅብኝ።

የቁጣህን እውነተኛ ምክንያት ግን እማዬ ነገረችኝ። «አባት የሌላትን ልጅ ጫካ ውስጥ ዳራት እንዳይሉኝ» ብለሃታል። ያን ቀን አለቀስኩ። አባዬ ሲሞት ትምህርትህን ትተህ ከባድ መኪና ላይ የወጣኸው እኔን ለማሳደግ ነው። አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ብዬህ አላውቅም፤ ይኸው ዛሬ አልኩህ። ማን እንዳሳደገኝ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ለኒካሁ ወሊዬ፣ በአባዬ ቦታ ቆመህ የምትድረኝ፣ አንተ ነህ። አጎታችን ቲጃኒ «እሱ ካልመጣ ውክልና ይስጠኝና እኔ እቆምልሻለሁ» ብለውኝ ነበር። አይሆንም አልኳቸው። ኡመይርም በዚህ ተስማምቷል።

አበባው ቅዳሜና እሁድ ይኖራል። ሰኞ መርገፍ ይጀምራል። ከዘገየህ ይርገፍ፤ እኔ እስክትመጣ እጠብቅሃለሁ።

እህትህ ሩፈይዳ
ቦሳ ኪቶ፣ ጅማ